የዲጂታል ጤና መተግበሪያዎች ቁጥጥር

የዲጂታል ጤና መተግበሪያዎች ቁጥጥር ማለት በስማርት ስልክ፣ በታብሌት ወይም በኮምፒዩተር ላይ ተጭነው በሽታን ለመከላከል፣ ለመለየት፣ ለመከታተል ወይም ለማከም የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች አስተማማኝ መሆናቸውንና የተጠቃሚውን ምስጢር መጠበቃቸውን ለማረጋገጥ መንግሥታት የሚያወጡት ሕግና የሚከተሉት አሠራር ነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም በተለምዶ «መተግበሪያ» ወይም «አፕ» ይባላል።

አገሮች በዚህ ጉዳይ አንድ ወጥ ሕግ የላቸውም። አንዳንዶቹ መተግበሪያውን እንደ ሕክምና መሣሪያ መዝግበው ይፈትሹታል፤ ሌሎቹ በመተግበሪያው በኩል የሚያክመውን ባለሙያ ይቆጣጠራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ይበልጥ የሚያተኩሩት በሚሰበሰበው የግል መረጃ ላይ ነው። ብዙዎቹ ሦስቱንም ያደርጋሉ፤ ሥራው ግን ለተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የተከፋፈለ ነው። በኢትዮጵያም እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ ለጤና መተግበሪያ ብቻ ተብሎ የወጣ አዋጅ ስላልነበረ፣ ጉዳዩ የሚታየው በተለያዩ ጊዜያት ለተለያየ ዓላማ በወጡ ሕጎች ነው።

የመተግበሪያ ዓይነቶች

«የጤና መተግበሪያ» የሚለው ስም በጣም የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል። ልዩነቱን ለመረዳት በምዕራብ አዲስ አበባ በሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ አየር ጤና አካባቢ የምትኖር አንዲት የስኳር ሕመምተኛ በምሳሌነት ትወሰድ። በስልኳ ላይ የሚከተሉት አራት መተግበሪያዎች አሉ እንበል፦

1. በቀን ስንት እርምጃ እንደተራመደች የሚቆጥር፤
2. የመድኃኒት ሰዓቷን የሚያስታውስና በየቀኑ የለካችውን የስኳር መጠን የሚመዘግብ፤
3. የደሟን የስኳር መጠንና የምትመገበውን ምግብ ተቀብሎ ስንት ዩኒት ኢንሱሊን መውሰድ እንዳለባት የሚያሰላ፤
4. በድምፅ ወይም በቪዲዮ ከሐኪም ጋር የሚያገናኝ።

አራቱም የሚወርዱት ከአንድ ቦታ ሲሆን በስልኩ ላይ ሲታዩም ይመሳሰላሉ። ሲሳሳቱ የሚያደርሱት ጉዳት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። እርምጃ ቆጣሪው ቢሳሳት ሴትየዋ የምታጣው ነገር የለም። ኢንሱሊን የሚያሰላው ቢሳሳት ግን የደም ስኳሯ በድንገት ወርዶ ራሷን ልትስት፣ ሕይወቷም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አብዛኞቹ ተቆጣጣሪዎች የሚመለከቱት መተግበሪያው በምን ቴክኖሎጂ እንደተሠራ ሳይሆን፣ ሠሪው «ለዚህ ያገለግላል» ብሎ ያስተዋወቀበትን ዓላማና ስህተት ቢፈጠር የሚደርሰውን ጉዳት ነው።

ቁጥጥር ያስፈለገበት ምክንያት

ሶፍትዌር ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል በግልጽ የታየው ስማርት ስልክ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ቴራክ-25 የተባለ የካንሰር ጨረር ሕክምና ማሽን፣ በዋነኛነት በኮምፒዩተር ፕሮግራሙ ስህተት ምክንያት፣ ቢያንስ ለ6 ሕሙማን ከሚገባው እጅግ የበዛ ጨረር ሰጠ፤ ከእነዚህም መካከል የሞቱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በሕክምና መሣሪያ ውስጥ ያለ ፕሮግራም እንደ መሣሪያው አካል መፈተሽ እንዳለበት ተቀባይነት አገኘ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአፕልና የአንድሮይድ የመተግበሪያ መደብሮች ሲከፈቱ ነገሩ ተለወጠ። ከዚያ በፊት የሕክምና ፕሮግራም ከማሽን ጋር ተያይዞ፣ በሆስፒታል ተገዝቶ፣ በባለሙያ እጅ ይገባ ነበር። አሁን ግን ማንኛውም ሰው ፕሮግራም ጽፎ በአንድ ቀን ለዓለም ሁሉ ሊያዳርስ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የስልክ ብርሃን ብጉር ያድናል እያሉ ይሸጡ የነበሩ 2 መተግበሪያዎች ይህን ማስታወቂያቸውን እንዲያቆሙ አድርጓል።

ከዚህ የከበደ ሥጋት ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የኢምፔሪያል ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የኢንሱሊን መጠን የሚያሰሉ 46 መተግበሪያዎችን ሲፈትሹ፣ 31ዱ ለተጠቃሚው የተሳሳተ መጠን የመንገር አደጋ እንዳለባቸው አገኙ። 42ቱ የሚገባላቸው ቁጥር ትክክለኛ ሊሆን ይችል እንደሆነ አያጣሩም ነበር፤ 27ቱ ደግሞ አስፈላጊ መረጃ ሳይሞላ እንኳ ስሌት ይሰጡ ነበር። ምንም ጉድለት ያልተገኘበት 1 መተግበሪያ ብቻ ነበር።

ሌላው ምክንያት ምስጢር ነው። በጤና ጣቢያ የታካሚ ማህደር በካርድ ክፍል ተቀምጦ የሚያየው ሰው የተወሰነ ነው። ወደ መተግበሪያ የገባ መረጃ ግን ተገልብጦ በሌላ አገር ባለ ኮምፒዩተር ሊቀመጥ፣ ለማስታወቂያ ድርጅት ሊሸጥ ወይም ሊሰረቅ ይችላል።

ሦስቱ መሠረታዊ ጥያቄዎች

የአገሮች ሕግ ቢለያይም፣ ሁሉም ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የሚሞክሩ ናቸው።

መተግበሪያው ይሠራል ወይ? ይህ የሕክምና መሣሪያ ሕግ ጥያቄ ነው። የበርካታ አገሮች ተቆጣጣሪዎች የሚገናኙበት ዓለም አቀፍ የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪዎች መድረክ እ.ኤ.አ. በ2013 «ሶፍትዌር እንደ ሕክምና መሣሪያ» ለሚለው ጽንሰ ሐሳብ ትርጓሜ ሰጠ። በዚህ መሠረት የማንኛውም ማሽን አካል ሳይሆን ብቻውን ለሕክምና ዓላማ የሚያገለግል ፕሮግራም ራሱ መሣሪያ ነው። መድረኩ በቀጣዩ ዓመት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን በሚያስከትሉት አደጋ መጠን በ4 ደረጃዎች ከፋፍሏቸዋል።

የሚያክመው ማን ነው? ይህ የሙያ ፈቃድ ጥያቄ ነው። በቪዲዮ የምትታየው ሐኪም ፈቃድ አላት ወይ? ታካሚውን በአካል ሳታይ መድኃኒት ማዘዝ ትችላለች ወይ? ጥፋት ቢፈጠር ማን ይጠየቃል?

መረጃው የት ይሄዳል? ይህ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ጥያቄ ነው።

አንዱን ጥያቄ በሚገባ የመለሰ አገር ሌላውን ሳይመልስ ሊቀር ይችላል። ስሌቱ ትክክል የሆነ መተግበሪያ መረጃ ሊሸጥ ይችላል፤ ምስጢር የሚጠብቅ መተግበሪያም ስሌቱ ሊሳሳት ይችላል።

የተለያዩ አገሮች አሠራር

አሜሪካ

በአሜሪካ የመጀመሪያው ጥያቄ ባለቤት የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ነው። መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ መተግበሪያዎችን በሦስት ከፈላቸው፦ የሕክምና መሣሪያ ያልሆኑ፣ መሣሪያ ቢሆኑም አደጋቸው ዝቅተኛ ስለሆነ ቁጥጥር የማይደረግባቸው፣ እና ለሕዝብ ከመቅረባቸው በፊት መታየት ያለባቸው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 የወጣ ሕግ ለአጠቃላይ ጤንነት ብቻ የሚያገለግሉትን ከመሣሪያ ትርጓሜ አስወጣ። ስለዚህ በላይኛው ምሳሌ እርምጃ ቆጣሪው ከቁጥጥር ውጭ ሲሆን ኢንሱሊን የሚያሰላው ግን በቁጥጥር ሥር ነው።

መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 እያንዳንዱን መተግበሪያ ከመፈተሽ ይልቅ ሠሪውን ድርጅት መዝኖ እምነት የመስጠት ሙከራ ከ9 ድርጅቶች ጋር ጀመረ። ሙከራው በ2022 ሲያበቃ፣ አሠራሩን ተግባራዊ ለማድረግ አዲስ ሕግ እንደሚያስፈልግ መሥሪያ ቤቱ አስታውቋል።

በምስጢር ጥበቃ በኩል ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍተት አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው የጤና መረጃ ሕግ የሚያስገድደው በዋናነት ሆስፒታሎችን፣ ሐኪሞችን፣ የጤና መድን ድርጅቶችንና አብረዋቸው የሚሠሩትን ነው። ተጠቃሚው ራሱ አውርዶ መረጃውን የሚሞላበት መተግበሪያ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው የንግድ ኮሚሽኑ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023 የመድኃኒት ዋጋ ቅናሽ የሚያስገኘው ጉድአርኤክስ የተባለ ድርጅት የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ ድርጅቶች አሳልፎ ሰጥቷል በሚል የቀረበበትን ክስ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ቋጭቷል።

የአውሮፓ ኅብረት

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሕክምና መሣሪያ ደንብ ለምርመራ ወይም ለሕክምና ውሳኔ የሚያገለግል መረጃ የሚሰጥ ሶፍትዌርን ከዝቅተኛው ደረጃ ከፍ አድርጎ ይመድበዋል። ሠሪው ለራሱ መስክሮ መሸጥ አይችልም፤ ፈቃድ ያለው ገለልተኛ መርማሪ ድርጅት ማየት አለበት። በመረጃ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው አጠቃላይ የዳታ ጥበቃ ደንብ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው ዓይነቶች አንዱ ያደርገዋል። ከባድ ጥሰት እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ ወይም እስከ ድርጅቱ ዓመታዊ የዓለም ገቢ 4 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ሊያስቀጣ ይችላል።

ጀርመን

ጀርመን በአውሮፓ ደንብ ላይ አንድ እርምጃ ጨምራለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በወጣ ሕግ ሐኪም እንደ መድኃኒት መተግበሪያም ማዘዝ እንዲችል፣ ወጪውንም የሕዝብ የጤና መድን እንዲከፍል ተፈቀደ። ሠሪው ለፌዴራል የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቋም ያመለክታል፤ ተቋሙም በ3 ወር ውስጥ ይወስናል። ጥቅሙን በጥናት ያላረጋገጠ መተግበሪያ ለአንድ ዓመት በጊዜያዊነት ሊመዘገብ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ማስረጃውን ካላቀረበ፣ የተራዘመ ጊዜ ካልተሰጠው በቀር፣ ከመዝገቡ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ መተግበሪያዎች የተመዘገቡት በጥቅምት 2020 ሲሆን አንዱ ለጆሮ ጩኸት፣ ሌላው ለጭንቀት ሕመም የሚያገለግሉ ናቸው። በዚህ አሠራር ሠሪዎች ለደንቡ የሚገዙት ቅጣትን በመፍራት ብቻ ሳይሆን ክፍያውን ለማግኘትም ነው።

የእስያ አገሮች

ህንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020፣ በኮቪድ-19 ምክንያት እንቅስቃሴ በተገደበበት ሰሞን፣ የቴሌሜዲሲን መመሪያ አወጣች። መመሪያው ትኩረቱን በሐኪሙ ላይ በማድረግ መድኃኒቶችን በዝርዝር ይከፍላል፦ በማንኛውም የርቀት ምክክር የሚታዘዙ፣ በመጀመሪያ ምክክር በቪዲዮ ከታየ የሚታዘዙ፣ ቀድሞ በአካል ለታየ ታካሚ በክትትል የሚታዘዙ፣ እና ሱስ የማስያዝ ባሕርይ ስላላቸው ጨርሶ በርቀት የማይታዘዙ። ቻይና በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሕክምና የተለመዱና ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ለመከታተል ብቻ እንዲሆንና የመጀመሪያ ምርመራ በአካል እንዲደረግ አዘዘች።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2014 ሶፍትዌርን በመድኃኒትና ሕክምና መሣሪያ ሕጓ ውስጥ ያካተተች ሲሆን በ2020 ሲጋራ ለማቆም የሚረዳ መተግበሪያ አጽድቃ በጤና መድን እንዲከፈልበት አድርጋለች። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ ለዲጂታል የሕክምና ምርቶች ብቻ የተዘጋጀ ሕግ በሥራ ላይ አውላለች።

ሩዋንዳና ኬንያ

የሩዋንዳ ታሪክ ለአፍሪካ አገሮች ትልቅ ትምህርት ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደኑ ባቢሎን ድርጅት ባቢል በሚል ስም በሩዋንዳ የስልክ ሕክምና ጀመረ። አገልግሎቱ በተራ ስልክም የሚሠራ ስለነበር ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2020 ከመንግሥት ጋር የ10 ዓመት ውል ተፈራርሞ ክፍያው በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በኩል እንዲሆን ተደረገ። ይሁን እንጂ በ2023 እናት ድርጅቱ ሲከስር አገልግሎቱ ተቋረጠ። በዚህም ተቆጣጣሪዎች «ድርጅቱ ቢዘጋ የታካሚዎቹ መረጃና ክትትል ምን ይሆናል?» ብለው አስቀድመው መጠየቅ እንዳለባቸው ታየ።

ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የዳታ ጥበቃ ሕግ፣ በ2023 ደግሞ የዲጂታል ጤና ሕግ አውጥታለች። ሁለተኛው ሕግ የዲጂታል ጤና ኤጀንሲ የተባለ ራሱን የቻለ ተቋም የሚያቋቁም ነው።

በኢትዮጵያ

አመጣጥ

በኢትዮጵያ የርቀት ሕክምና የተጀመረው ከስማርት ስልክ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በህንድ መንግሥት በተደገፈው የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ የሙከራ ፕሮጀክት የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በህንድ ሃይደራባድ ከተማ ከሚገኝ ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ ነበር። በአገር ውስጥ በብዛት ጥቅም ላይ የዋለው ግን ተራ የስልክ ጥሪ ነው። 952 የተባለው ነጻ የስልክ መስመር መጀመሪያ የኤችአይቪ ምክር የሚሰጥበት ሲሆን፣ በኮቪድ-19 ወቅት ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 ቁጥር በሰፊው ታውቋል። በግል ዘርፍ ሄሎ ዶክተር በ8896 አጭር ቁጥር ሐኪም ያገናኛል።

የመንግሥት ትልቁ የዲጂታል ጤና ሥራ በታብሌት የሚሠራው የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀድሞ በወረቀት ይይዙት የነበረውን የቤተሰብ ማህደር የሚመዘግቡበት ሲሆን በጤና ሚኒስቴር የ«መረጃ አብዮት» ዕቅድ ውስጥ የተካተተ ነው።

ሕጎችና ተቆጣጣሪዎች

የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለትም መሣሪያው ይሠራል ወይ የሚለውን፣ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን ምዝገባና ቁጥጥር ለዚህ ባለሥልጣን ይሰጣል። በዓለም አቀፉ ትርጓሜ ለምርመራ ወይም ለሕክምና የታሰበ ሶፍትዌር መሣሪያ ስለሆነ፣ ኢንሱሊን የሚያሰላ መተግበሪያ ሊታይ የሚችለው በዚህ በር በኩል ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የባለሙያና የጤና ተቋም ፈቃድ፣ የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ተቆጣጣሪዎች ሥራ ነው። በአዲስ አበባ የከተማ አስተዳደሩ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በክፍለ ከተማ ደረጃ ባሉት ቅርንጫፎቹ በኩል ክሊኒኮችንና መድኃኒት ቤቶችን ይቆጣጠራል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅን አጽድቋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ በተበታተኑ ድንጋጌዎች ብቻ ይታይ ነበር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማባከንን ያስቀጣል፤ ሆኖም የተጻፈው የታካሚ ምስጢር በዋናነት በሐኪምና በነርስ እጅ በነበረበት ጊዜ ነው። ለውጥ የመጣው መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ሲያጸድቅ ነው። አዋጁ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ በሚሹ ስሱ መረጃዎች ውስጥ ይመድባል፤ ወደ ሌላ አገር የሚተላለፍ መረጃም ተመጣጣኝ ጥበቃ እንዲኖረው ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ምሳሌ፦ ኮልፌ ቀራንዮ

ሕጎቹ ሲገናኙ ምን እንደሚመስሉ ለማየት በመግቢያው ወደ ተጠቀሰችው ሕመምተኛ መመለስ ያስፈልጋል። በሰፈሯ ያለ አንድ ክሊኒክ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ክፍሎቹን፣ የባለሙያዎቹን ፈቃድና የመድኃኒት መደርደሪያውን ያያል። ያው ክሊኒክ በቪዲዮ ማከም ቢጀምር የባለሙያው ፈቃድ በዚያው መንገድ ሊጠየቅ ይችላል። ኢንሱሊን የሚያሰላላት መተግበሪያ ግን በክፍለ ከተማው ውስጥ ቢሮ የለውም፤ ሠሪው በሌላ አህጉር ሊሆን ይችላል። ስኳር የምትለካበት መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ በጉምሩክ አልፎ የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቅበታል፤ መተግበሪያው ግን በኢንተርኔት በቀጥታ ስልኳ ላይ ያርፋል።

የምስጢር ጉዳይ በዚህ ክፍለ ከተማ የተለየ ታሪክ አለው። ዘነበወርቅ በተባለው ሰፈር የሚገኘው አለርት ሆስፒታል መነሻው በ1920ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማከሚያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኗል። ከተለያዩ ክፍላተ ሀገር ለሕክምና የመጡ ብዙ ሰዎች ከዳኑ በኋላም ወደ ቀዬያቸው መመለስ ስላልቻሉ በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፍረው ኖረዋል። በሽታው በመድኃኒት የሚድን ሆኖ ሳለ፣ መገለሉ ግን ለልጆቻቸው ጭምር ተርፏል። ሆስፒታሉ ዛሬ የቆዳ ሕክምናን ጨምሮ ሌሎች በርካታ አገልግሎቶችንም ይሰጣል።

ይህ ታሪክ የጤና መረጃ ለምን «ስሱ» እንደሚባል ያስረዳል። የደም ግፊት እንዳለበት የታወቀበት ሰው ብዙም አይጎዳም። የሥጋ ደዌ፣ የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም ታካሚ ግን ስሙ ከወጣ ሥራውን፣ ትዳሩን ወይም የሚከራየውን ቤት ሊያጣ ይችላል። ለዚህም የምርመራ ውጤቱ መውጣት አያስፈልግም፤ የስልክን ቦታ የሚከታተል መተግበሪያ ባለቤቱ በየወሩ በተወሰነ ቀን ወደ የትኛው ክሊኒክ እንደሚሄድ ማወቅ ከቻለ ቀሪውን መገመት ቀላል ነው።

ክፍተቶች

በኢትዮጵያ የሚታዩት ዋና ዋና ክፍተቶች የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው የበር ብዛት ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የሠራው መተግበሪያ ስሌት የሚያሰላ፣ ሐኪም የሚያገናኝና መረጃ የሚይዝ ከሆነ ጉዳዩ ቢያንስ ሦስት መሥሪያ ቤቶችን ይነካል። አንድ መግቢያ በር የለም።

ሁለተኛው የውጭ አገር ሐኪም ጉዳይ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በአገር ቤት ያለ ታካሚን በቪዲዮ ማማከር ይችላሉ። ቋንቋውንና ባህሉን ስለሚያውቁ ጥቅሙ ብዙ ነው። ይሁንና የሙያ ፈቃዳቸው የሚሠሩበት አገር ፈቃድ ነው፤ ስህተት ቢፈጠር ታካሚው አቤት የሚለው ለየትኛው አገር ተቆጣጣሪ እንደሆነ በግልጽ መወሰን ያስፈልጋል።

ሦስተኛው በመተግበሪያነት ያልተሠሩ መንገዶች ናቸው። በቴሌግራምና በመሳሰሉት መገናኛዎች የሚሰጥ የሕክምና ምክርና የመድኃኒት ሽያጭ እንደ ሕክምና መሣሪያ አይመዘገብም፤ ክሊኒክም አይደለም።

የውጭ ፈቃድና የአገር ውስጥ አጠቃቀም

አቅማቸው ውስን የሆኑ ተቆጣጣሪዎች በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የጸደቀን ምርት ተመርኩዘው ፈቃድ መስጠታቸው የተለመደ ነው። ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል። ለመተግበሪያ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ፈቃዱ የተሰጠው በዚያ አገር ተጠቃሚ ላይ ተሞክሮ ነውና።

አንዱ ችግር ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት መድኃኒት እንድትወስድ የታዘዘች ታካሚ በእንግሊዝኛ መተግበሪያ ላይ 2፡00 ብላ ብትሞላ፣ ማስታወሻው ከቀኑ ወይም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጮኻል። የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ጥር 10 ብላ የያዘች ነፍሰ ጡር በፈረንጅ ጃንዋሪ 10 ብላ ብትመዘግብ የእርግዝናው ዕድሜ በ8 ቀን ያህል ይሳሳታል።

ሌላው መለኪያ ነው። በኢትዮጵያ የደም ስኳር በተለምዶ የሚነገረው በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች በሚሊሞል በሊትር ነው። በአንዱ 180 የሚባለው በሌላው 10 ነው። የሚገባለትን ቁጥር የማያጣራ መተግበሪያ 180ን በሌላኛው መለኪያ ተቀብሎ ቢያሰላ የሚሰጠው የኢንሱሊን መጠን ለሞት ሊዳርግ ይችላል።

ሦስተኛው የቆዳ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የጥቁር ታካሚዎችን የኦክስጅን ማነስ ሳያሳይ የሚያልፈው ከነጮች ጋር ሲነጻጸር በ3 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። መሣሪያዎቹ ፈቃድ የነበራቸው ናቸው። የቆዳ በሽታን ከፎቶ የሚለዩ መተግበሪያዎችም በአብዛኛው በነጭ ቆዳ ሥዕሎች ከሠለጠኑ በጥቁር ቆዳ ላይ የመሳሳት ዕድላቸው ይጨምራል። እንዲህ ያለ መተግበሪያ በኢትዮጵያ ከመፈቀዱ በፊት እንደ አለርት ባሉ የቆዳ ሕክምና ማዕከላት፣ በአገሩ ሕሙማን ላይ መሞከሩ ትክክለኛነቱን ለማወቅ ዋናው መንገድ ነው።